እትዬ ደነገጥኩ የትምህርት ቤቱን አመራር ሲፈትሹ

ትምህርት ቤት በተሠራበት ቦታ ሁሉ የሚደነግጡ አንዲት ሴት አሉ። ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ነገ ማለዳ ተነሥቶ በቅርብ ወዳለው የትምህርት ቤት በር ይሂድ፤ እዚያ ናቸው። መሠረቱ ሲቆፈር ከመሐንዲሱ ቀድመው ደርሰው ጉድጓዱን ቁልቁል እያዩ ደንግጠዋል። ጣሪያው ሲመታ ሽቅብ አንጋጠው ደንግጠዋል። ልጆቻቸው ተምረው፣ ተመርቀው፣ አግብተው፣ ራሰ በራ እስኪሆኑ ድረስ እንኳ ከበሩ አይጠፉም። የልጅ ልጅ ይዘው ይመለሳሉ። የልጅ ልጅ ያላደላቸው እንደሆነ የጎረቤት ልጅ ተውሰው ይመጣሉ እንጂ ዓመቱን ሳይደነግጡ አያሳልፉትም።

የዚህ ጨዋታ ባለቤት እትዬ ደነገጥኩ ይባላሉ። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ አሁን ግን በዚያ ስም የሚጠራቸው ቢመጣ እሳቸው ራሳቸው ማን እንደተጠራ ለማየት ወደ ኋላ ዞር ይላሉ። ማንኛውንም ንግግር የሚጀምሩት ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ነው። ሰላምታም ቢሆን እንደዚያው፦ «ደነገጥኩ! እንዴት አደርክ?»

ክብርት እትዬ ጡረታ እስኪወጡ የጉምሩክ ፈታሽ ነበሩ። የመንገደኛ ሻንጣ ሲከፍቱ፣ የታጠፈ ካልሲ ሲገለብጡ፣ የሽቶ ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንሥተው ሲነቀንቁ ነው የኖሩት። ጡረታ የወጣውም ወገባቸው ብቻ ነው። ዓይናቸው እስካሁን ሥራ አልለቀቀም። ሰውን የሚያዩት እንደ ሻንጣ ነው፤ መጀመሪያ መቆለፊያውን፣ ቀጥሎ ክብደቱን፣ ከዚያ «እስቲ ክፈተው» የምትል አንዲት ቅንድብ ብድግ ትላለች። ያቺ ቅንድብ ስትነሣ ምንም ያልሠራ ሰው እንኳ ኪሱን ይዳብሳል።

ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ ነው። የእህቶች ማኅበር ያቆመው፣ ግራጫ ድንጋይ የለበሰ፣ ግቢው መሀል የእመቤታችን ሐውልት ያለበት፣ ኮሪደሩ ሁልጊዜ የሰም ሽታ የሚሸት ቤት ነው። ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ መነኩሲት እንጂ ሌላ ሰው መርቶት አያውቅም። እትዬ የወላጆች ኮሚቴ አባል አይደሉም፤ ኮሚቴው ነው የሳቸው አባል። በሩ አረንጓዴ ቀለም ሲቀባ፣ «ደነገጥኩ! ሆስፒታል ነው እንዴ?» አሉ። ወደ ሰማያዊ ተቀየረላቸው። «ደነገጥኩ! ዋና ልታስተምሯቸው ነው?» አሉ። ቡናማ ተቀባ። ቡናማውን ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና ምንም ሳይናገሩ ሄዱ። ቀቢው የዚያን ቀን በሽማግሌ እንደተመረቀ ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ።

የዚህ ሁሉ ድንጋጤ ዋና ተቀባይ ምክትሉ ነው። ምክትል ዳይሬክተር፣ የሒሳብ መምህር፣ ያገባ፣ የተረጋጋ፣ ጠመኔ ሲይዝ አንበሳ የሆነ ሰው። ጠመኔውን ሲያስቀምጥ ግን ሌላ ሰው ነው። ስብሰባ ላይ ሲናገር የሚሰማው አጠገቡ የተቀመጠው ብቻ ነው፤ እሱም ጆሮው ደህና ከሆነ። ከትምህርት ቤቱ ማዕረጎች ሁሉ የሚወደው «ምክትል» የሚለውን ነው። ምክትል ማለት ለሱ ከፊቱ ሌላ ሰው ያለ ማለት ነው። ከፊቱ ያሉት ደግሞ ሲስተር ናቸው፤ ዳይሬክተሯ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመዱ ኮቴያቸው የማይሰማ፣ ልጆቹ ከኋላቸው መቆማቸውን የሚያውቁት በሳሙናቸው ሽታ ብቻ የሆነ መነኩሲት። ነፋስ ቢመጣ ሲስተርን ይመታል፣ ምክትሉ ከኋላ ቆሞ ሒሳቡን ያስተምራል። ዓለም እንዲህ ስትሆን ለሱ የተስተካከለች ነበረች።

ሲስተር ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉ ሆስፒታል ገቡ። ግቢው በምክትሉ እጅ ቀረ።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሐውልቷን ማሳጠብ ነበር። እርግቦች አበላሽተዋት ነበርና ዘበኛውን በቱቦና በዱቄት ሳሙና እንዲያጥባት አዘዘው። ውሃው ገና ትከሻዋን ሲነካ ከበሩ በኩል አንድ ጩኸት መጣ።

«ደነገጥኩ! እመቤታችንን በቱቦ?!»

«እትዬ፣ እርግቦቹ እኮ...»

«እርግብስ እንስሳ ነው፣ አያውቅም! አንተ የተማርክ ሰው አይደለህም?»

«ታዲያ በምን ትታጠብ?»

«በእጅ ነዋ! በለስላሳ ጨርቅ! ለብ ባለ ውሃ! ደግሞ ዓይን ዓይኗን እያየህ አይደለም፣ አንገትህን ሰበር አድርገህ!»

ምክትል ዳይሬክተሩ እጅጌውን ሰብስቦ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ አንገቱን ሰብሮ እመቤታችንን ሲያጥብ ዋለ። አራተኛ ክፍሎች በመስኮት ያዩት ነበር። እትዬ ከታች ሆነው መመሪያ ይሰጣሉ፦ «ጆሮዋ ጀርባ! ጆሮዋ ጀርባ ቀርቷል!»

ሁለተኛው ነገር የጠዋቱ ጸሎት ነው፤ መከራውም የመጣው ከዚያ ነው። በዚያ ግቢ ልጆች ክፍል ከመግባታቸው በፊት ተሰልፈው ይቆማሉ። ዳይሬክተሯ ደረጃው ላይ ወጥተው በስመ አብ ይላሉ፤ ጸሎቱን ይመራሉ፤ አንዲት የምክር ቃል ጣል ያደርጋሉ፤ ልጆቹ አሜን ብለው ይገባሉ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን ግቢው ቀኑን ሙሉ የሚሄደው በዚያች ነገር ነው። ምክትሉ የሚጸልይ ሰው ነው፤ ይጸልያል። አጸላለዩ ግን የጠፋ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው ነው፤ ብቻውን፣ እያጉረመረመ፣ ማንም እንዳያየው። በዚያ ሁሉ ሕፃን ፊት ቆሞ፣ ጮክ ብሎ፣ «አባታችን ሆይ»? ገና ሲያስበው ጉሮሮው ላይ አንድ ነገር ይቀመጥበታል።

ስለዚህ የሒሳብ ሰው መላ መታ። ባለፈው ዓመት በአንዱ ማለዳ የሲስተርን ጸሎት በስልኩ ቀድቶት ነበር። ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘው። ጠዋት ልጆቹ ተሰለፉ፤ ጣሪያው ላይ ካለው ማጉያ የሲስተር ቀጭን ድምፅ በስመ አብ አለ፤ ልጆቹ አሜን አሉ፤ ገቡ። ተሳካ! ደቂቃ አልተዛነፈም። ምክትሉ ዓምዱ ጥግ ቆሞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ከስልኩ ጋር እያጉረመረመ ጸለየ።

ከበሩ ውጭ ደግሞ እትዬ ደነገጥኩ ድምፁን ሰሙ። ሲስተር ድነው መጥተዋል ብለው አመኑ፤ ለአትክልት ነጋዴዋም ለጫማ ሰፊውም የምሥራቹን አደረሱ። በየማለዳው ከበሩ ውጭ ቆመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሲስተር ጋር ጸለዩ። «ደነገጥኩ፣ ጉልበታቸውን ታመው እንኳ አንድ ቃል አይዛነፉም!» እያሉ ለሰው ሁሉ አወሩ።

አንድ ማለዳ ልክ ጸሎቱ እንደተጀመረ አንዲት ታክሲ ከበሩ ፊት ቆመች። ሾፌሩ ዞሮ በሩን ከፈተ፤ ክራንች ወጣ፤ ከክራንቹ ኋላ ሲስተር ወጡ። የሆስፒታሉ ሰዎች ቀደም ብለው አሰናብተዋቸው ነበር።

እትዬ ሲስተርን አዩ። ሽቅብ ወደ ማጉያው አዩ። ሲስተር ከማጉያው ይጸልያሉ። ደግሞ ወደ ታክሲው አዩ። ሲስተር ክራንቻቸውን ያስተካክላሉ። እጃቸው እንደልማዱ ወደ ደረታቸው ሄደ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። በመጨረሻ እንደምንም ብለው እንዲህ አሉ፦

«ሲስተር... ውስጥ ነዎት ወይስ ውጭ?»

ሲስተር ጆሯቸውን ወደ ግቢው አዘነበሉ። «ይቺ አፍንጫዋን ይዛ የምትጸልይ ሴትዮ ማናት?»

«እርስዎ ነዎት እኮ!»

«እኔ?» አሉ ሲስተር፤ ጥቂት አዳመጡ። «ጉድ ነው። እስካሁን ምነው የነገረኝ ጠፋ?»

በሩ ሲከፈት የአንደኛ ክፍል ልጆች ዞረው አዩ። ከላይ ሲስተር፣ ከታች ሲስተር። አንዲት ሕፃን ጮኸች፣ ሌላው ተንበረከከ፣ ሰልፉ እንደተደፋ ሽንብራ ግቢውን ሞላው። ማጉያው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ «ልጆቼ፣ ዛሬም በሥርዓት ወደ ክፍላችሁ ግቡ» ይል ነበር።

ቢሮ ሲገቡ ምክትሉ መሬት ብትከፈትለት ለመግባት ዝግጁ ነበር።

«ልጆቹ የለመዱት የርስዎን ድምፅ ስለሆነ ነው፣ ሲስተር።»

«እሱን ተወው» አሉ ሲስተር፣ እግራቸውን በርጩማ ላይ እየሰቀሉ። «ሌላ ነገር ልንገርህ። የማኅበሩ አለቃ ሆስፒታል መጥተው ነበር። ከእኔ በኋላ የሚላክ እህት የለም።»

«ለዘንድሮ ነው?»

«ጨርሶ። እኛ አርጅተናል፤ ከኋላ የሚመጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነሱም ሆስፒታሉን ይዘዋል። እንግዲህ ቤቱን ምእመን ይመራዋል። ለሀገረ ስብከቱ የትምህርት ኃላፊ ለአባ ያንተን ስም ሰጥቻለሁ።»

ምክትሉ የተቀመጠበት ወንበር የተንቀሳቀሰ መሰለው።

«ሲስተር፣ እኔ እኮ ያገባሁ ሰው ነኝ።»

«አውቃለሁ፤ ሠርግህ ላይ ነበርኩ። አባ የወላጆችን ድምፅ ሊሰሙ ይመጣሉ። ወላጆች ካልተቃወሙ ትሾማለህ። ከተቃወሙ ሌላ ይፈለጋል።»

ማታ ራት ላይ ለባለቤቱ ነገራት። ባለቤቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ሰው ምን እንደሚያመው ሳይናገር ማወቅ ልማዷ ነው።

«ታዲያ እምቢ አትላቸውም?»

«ለሲስተር እምቢ ያለ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እንዲያ ከሆነ ተሾም።»

«እንዴት ነው የምሾመው? ጸሎት የሚመራልኝ ስልክ ነው! ዳይሬክተር ማለት እኮ ሒሳብ አይደለም። መምህር የሞተበት ቀን ልጆቹ ፊት ቆሞ የሚናገር ሰው ማለት ነው። እናት መጥታ ስታለቅስ የሚያጽናና ማለት ነው። እኔ ሰው ሲያለቅስ አብሬ ነው የማለቅሰው።»

«እና ምን ልታደርግ ነው?»

ምክትሉ ሹካውን አስቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ሲያስበው የዋለው ነገር ፊቱን አበራው። «እትዬ ደነገጥኩ አሉልኝ።»

ልክ ነበር። እትዬ የሹመቱ ወሬ ደርሷቸው ሰፈሩን ይዘውት ተነሥተው ነበር። የካቶሊክ ትምህርት አመራር አሳስቧቸዋል፤ እንዲያውም እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ፣ «ደነገጥኩ! ወንድ፣ ያገባ፣ በዚያ ላይ በቴፕ የሚጸልይ!» ይላሉ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ፣ «ነገ ደግሞ ቅዳሴውንም ቀድቶ ያመጣልናል፤ ቄሱ ቤታቸው ይተኛሉ!» ይላሉ። ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ምክትሉ ይህን ሁሉ ሲሰማ እንደ ምሥራች ነበር የሚሰማው። እሳቸው እጃቸውን ካወጡ ማን ይከራከራል? እሱም ሲስተርን እምቢ ሳይል፣ በክብር፣ ተቃውሞ ቀርቦበት፣ ወደሚወደው ምክትልነት ይመለሳል።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። ስሕተቱም ብልጥ ሰው ብቻ የሚሳሳተው ዓይነት ነው፤ ዕድሉን ሊያግዘው ፈለገ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ እትዬን ሲያገኛቸው፣ እንደ ድሮው በጎን ሹልክ ማለት ትቶ፣ ቀጥ ብሎ ይሄድባቸው ጀመር።

«እትዬ፣ ሌላም ነገር ሰምተዋል?»

«ምን?»

«የሃይማኖት ትምህርቱን ወደ ዓርብ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ወስጄዋለሁ።»

«ደነገጥኩ! ልጆቹ በሚያንቀላፉበት ሰዓት?»

«ሒሳብ ጠዋት ሲሆን ውጤት ያምራል ብዬ ነው።»

በማግሥቱ ደግሞ፣ «ጸሎት ቤቱ ውስጥ የተረፉ ወንበሮች ደርድሬበታለሁ፤ መጋዘን ጠቦኝ ነው» አላቸው። በሦስተኛው ቀን፣ «ከሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ጋር አንዱን አስቸጋሪ ልጅ ልናሰናብተው ነበር፤ እኔም ፈርሜ ነበር፣ ሲስተር ወረቀቱን ቀዳደው ባይጥሉት» አለ፤ ይህንን ሲናገር ግን ድምፁ ትንሽ ተሰበረበት፤ እውነት ነበርና።

እትዬ በየቀኑ ይደነግጣሉ። ሆኖም በሦስተኛው ቀን እጃቸው ደረታቸው ላይ እንዳለ ያቺ ቅንድብ ብድግ አለች። ምክትሉ ኪሱን ዳበሰ።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከክፍል የተሰበሰቡት ወንበሮች የሕፃናት ስለሆኑ ግዙፍ ግዙፍ አባቶች ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደርሶ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት የሀገረ ስብከቱ የትምህርት ኃላፊ አባ፣ በቀኛቸው ሲስተር ከነክራንቻቸው፣ በግራ ምክትሉ። ባለቤቱ ከኋላ ረድፍ ናት። አባ ጸሎት አድርሰው ጉዳዩን ተናገሩ፤ «አስተያየት ያላችሁ?» አሉ።

አንዷ እናት ተነሥታ፣ «ሰዓት ያከብራል» አለች። ሌላው፣ «የሒሳብ ውጤት ከፍ ብሏል» አለ። እትዬ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ቦርሳቸው ጭናቸው ላይ ነው። ምክትሉ በዓይኑ «ይነሡ እንጂ» ይላቸዋል። አልተነሡም። ከዚያ አንድ ከረባቱን ያላላ፣ ስልኩን በየደቂቃው የሚያይ አባት ብድግ አለ።

«አባ፣ ጊዜ ባንገድል ጥሩ ነው። ማንም ይምራው። መነኩሲት ሆነ፣ ምእመን ሆነ፣ ለኛ ለውጥ የለውም። ልጄ ፈተናዋን ትለፍ እንጂ ማንም ይምራው።»

አዳራሹ ውስጥ ጥቂቶች አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሳያልቅ ክብርት እትዬ ቆመው ነበር። እጃቸው ደረታቸው ላይ አልነበረም። «ደነገጥኩ»ም አላሉም። የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ በዚህ ይበልጥ ፈራ።

«ማንም?» አሉ። «ማንም ነው ያልከው፣ ልጄ?»

«እትዬ፣ እንዲሁ ለማለት ያህል...»

«እኔ ልንገርህ። የመጨረሻው ልጄ ሲናገር ይይዘው ነበር። ስሙን ለመናገር ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ያኔ አንድ ትምህርት ቤት ወስጄው 'ይህ ልጅ እኛን አይመጥንም' አሉኝ። እዚያም ውጤት ቆንጆ ነበር። እዚህ አመጣሁት። የዚያን ጊዜዋ ዳይሬክተር፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ፊት አስቀምጠው፣ 'ይህ ልጅ ቃሉን እስኪጨርስ ማንም አይናገርም፤ እኔም ጭምር' አሉ። ክፍሉ በሙሉ ይጠብቀው ነበር። ሕፃናት! ቁጭ ብለው! አሁን ልጄ ፍርድ ቤት ቆሞ ይከራከራል፤ ዝም በል ቢሉት ዝም አይልም። ይህን ያደረገው ማንም አይደለም። አንዲት መሪ ነበረች። ስለዚህ ማንም አትበለኝ።»

ባለ ከረባቱ ወደ ትንሿ ወንበሩ ወረደ። ስልኩን ኪሱ ከተተው። 

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲያው እትዬ፣ የቀረበውን ሰው ይቃወማሉ ማለት ነው?»

ምክትሉ በልቡ «አዎ ይበሉ» አለ።

«አልቃወምም።»

ከኋላ ረድፍ ባለቤቱን ሳቅ አመለጣትና በሳል አዳፈነችው። ምክትሉ ግን ከተቀመጠበት ተነሥቶ ቆሟል፤ መነሣቱን እንኳ አላወቀም።

«እትዬ! ቴፑስ?»

«ቁጭ በል።»

«የሃይማኖት ትምህርቱንስ እኔ እኮ ዓርብ...»

«ሰኞ ጠዋት ትመልሰዋለህ። ወንበሮቹንም ከጸሎት ቤቱ ታወጣለህ። ቁጭ በል አልኩህ!» ከዚያ ወደ አባ ዞሩ። «አባ፣ እድሜዬን ሙሉ ሰው ፈትሻለሁ። ሳልጠይቀው ሻንጣውን የሚከፍትልኝ መንገደኛ ሳይ አንድ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ይህ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ጥፋቱን ይዘረግፍልኝ ጀመር። እኔም፣ 'ምን ሊደብቅ ነው?' አልኩ። ለካስ ሊያመልጥ ነው! በኔ ጀርባ ሊያመልጥ! እንዲህ ያለ ድፍረት ደርሶብኝ አያውቅም።»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ሥራውን ደረቱን ነፍቶ የሚፈልግ ሰው ቢያመጡልኝ ዛሬ ይህን አዳራሽ ገልብጬው እሄድ ነበር። እሱ ግን ፈርቷል። ሁላችሁም ጉዳዩ የሰዓትና የፈተና መስሏችኋል፤ የሚያስፈራ ሥራ መሆኑን ያወቀ እሱ ብቻ ነው። ያንን ሊባረር የነበረ ልጅ ሲነግረኝ ድምፁ ተሰብሯል፤ ሰምቻለሁ። ይሁን። ይሾም። እኔ በር ላይ አለሁ።»

«በር ላይ አለሁ» የምትለዋን ቃል አባ እንደ ማጽናኛ ሰሟት። ምክትሉ እንደ ፍርድ ሰማት። ሲስተር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ስብሰባ ፈገግ አሉ፤ ክራንቻቸውን ይዘው፣ «እንግዲህ ተፈትሾ አልፏል» አሉ።

የሹመቱ የመጀመሪያ ጠዋት አዲሱ ዳይሬክተር ሱፉን ለብሶ ደረጃው ላይ ወጣ። ስልኩን ባለቤቱ ከኪሱ አውጥታ ቤት አስቀርታዋለች። ሲስተር ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ማኅበራቸው ቤት ከሄዱ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል። ልጆቹ ተሰልፈዋል። ያ ሁሉ ዓይን ወደሱ ነው። ከፊቱ ማንም የለም። ወደ ጎኑ አየ፣ እዚያም ማንም የለም። እጁን ወደ ግንባሩ አነሣ።

«በስመ አብ ወወልድ...» አለ። የፊተኛው ረድፍ ሰማው፤ ምናልባት።

ከቡናማው በር ውጭ ድምፅ መጣ። «አይሰማም!»

ልጆቹ ሳቅ አፈኑ። ዳይሬክተሩ ጆሮው ቀላ። ከፍ አደረገው። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ...»

«አሁንም አይሰማም! ጫማ ሰፊው ጋ አልደረሰም!»

አሁን ልጆቹ በግልጽ ሳቁ። የሚገርመው እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ጉሮሮው ላይ ተቀምጦ የነበረው ያ ነገር ወዴት እንደሄደ አላወቀም። አየር ስቦ፣ እንደ ሒሳብ ክፍሉ፣ እንደ አንበሳው፣ ለቀቀው። አባታችን ሆይ ከግድግዳው ተጋጭቶ ተመለሰ፤ እርግቦቹ ከእመቤታችን ትከሻ ተነሡ፤ ልጆቹ ተቀበሉት፤ ግቢው አብሮ ጸለየ። መስመር በመስመር እየሄደ፣ ጆሮውን ወደ በሩ አቁሞ፣ ሦስተኛውን ተግሣጽ ጠበቀ።

አልመጣም።

ሌላ መስመር ሄደ። አሁንም ዝም። ያኔ የእውነት ደነገጠ። እኚህ ሴትዮ ዝም ብለው ያውቃሉ? ምን ሆነው ነው? ጤናቸው ነው? ወደቁ? እንዲህ ለሳቸው ይሰጋ እንደነበር በፊት ማን ነግሮት ያውቃል? «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ሲደርስ ቃሉ ጠፋው፤ አፉን እንደከፈተ አንገቱን አስግጎ በበሩ ፍርግርግ በኩል ተመለከተ።

እትዬ ቆመዋል። ደህና ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የጸሎቱ ድምፅ ሲቆምባቸው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን ይገትርሃል?» አሉት። «ቀጥል እንጂ፣ ከኋላህ እየመጣን ነው!»